ሰባቱ የኩልፎ ጠጠሮች

ሰው የተሰበሰበበት ቤት ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ነገር መቁጠር ነው። አፌን ዘግቼ፣ ጣቴን ሳላንቀሳቅስ፣ በዓይኔ ብቻ። ልቅሶ ቤትም ሆነ ሰርግ ቤት ይህ አመል አይለቀኝም። ቆጥሬ ስጨርስ ደግሞ እፈራለሁ። ባለቤቴ "የሕዝብ ቆጠራ ተጀመረ" እያለ ይስቅብኛል፤ ለምን እንደምቆጥር ግን ነግሬው አላውቅም።

ባለፈው የመስቀል ሰሞን አርባ ምንጭ ሄጄ ሲቀላ ሰፈር ታናሽ እህቴ ቤት አረፍኩ። ገና ከደጅ የተቀቀለ ሀለኮ ሽታ ተቀበለኝ። ሀለኮ የምንለው ሌላው አገር ሽፈራው የሚለውን ዛፍ ነው፤ ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለን እንበላዋለን፣ እሱ የሌለበት ግቢ ማግኘትም ይከብዳል። ሽታው መጥፎ አይደለም። ትንሽ መረር የሚል የአረንጓዴ ነገር ሽታ ነው። እህቴ እኔን ለማስደሰት ብላ ነበር የቀቀለችው። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያቺ አንደኛ ክፍል የገባሁባት ዓመት መጣችብኝ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ ሰባት ዓመቴ ነው፤ እናቴ እርጉዝ ናት። አባቴ ኩልፎ ወንዝ ዳር ባሉት የሙዝ እርሻዎች የውሃ ፓምፕ ያንቀሳቅሳል፣ ቤት ሲገባ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። መምህራችን ቲቸር መሠረት ትባላለች። ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ቀጭን፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ልጅ እግር ናት። አለንጋ ስለማትይዝ ሌሎቹ አስተማሪዎች ከገና በፊት ጥላ ትሄዳለች ይሉ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት የቤት ሥራ ሰጠችን። "ቤታችሁ ስንት ሰው አለ? በሰው ልክ ጠጠር ይዛችሁ ኑ።"

ወንድሞቼ ኩልፎ ሊዋኙ ሲወርዱ ተከተልኳቸው። ከመንገድ ዳር ያገኘሁትን ሰባት ጠጠር ለቅሜ መመለስ እችል ነበር። እኔ ግን ሰዉን እያሰብኩ ነበር የምመርጠው። አባቴን ትልቅና ጥቁር አደረግሁት። ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቼ የሚመሳሰሉ ግራጫዎች ሆኑ። ታናሽ እህቴ ድቡልቡል። እኔ ጫፏ የተሸረፈ ቡናማ፤ የፊት ጥርሴ ወልቆ ነበርና። እናቴን ለማግኘት ውሃው ጉልበቴ እስኪደርስ ገባሁ፤ ቀይ፣ ለስላሳ፣ ስትረጥብ የምታበራ። ስድስት ሆኑ። ከዚያ የእናቴ ሆድ ትዝ አለኝ። ሆድ ውስጥ ያለ ሰው ይቆጠር አይቆጠር የምጠይቀው ሰው አጠገቤ አልነበረም። የበቆሎ ፍሬ የምታክል ነጭ ጠጠር ጨመርኩ።

ቤት ስደርስ ከጨንቻ እንግዳ መጥታለች፤ የአባቴ አክስት እማማ አየለች። እናቴ ወልዳ እስክትነሳ ልትረዳን ነበር የወረደችው። ደገኛ ስለሆነች ቆላውን አታምነውም፤ በዚያ ሙቀት ወባ ይይዘኛል ብላ በቡሉኮ ተጠቅልላ ትቀመጣለች። እጇ ላይ ሁልጊዜ እንዝርት አለ። አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ አንተና አንቺ ይምታታባታል፤ እኔን "አንተ"፣ አባቴን ደግሞ ሲላት "አንቺ" ትለው ነበር። አባቴ በጋሞኛ ሲያናግራት ልጆቹ በትምህርት ቤታቸው ቋንቋ ይስሙ እያለች በዚያው በአማርኛዋ ትመልስለታለች።

ጠጠሮቼን መሬት ላይ ደርድሬ እየጠራሁ ቆጠርኩላት። "አባዬ አንድ፣ እማዬ ሁለት..." ነጯ ላይ ደርሼ "ሆድ ውስጥ ያለው ሰባት" ስል እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ።

"ማን ቁጠር አለህ?"

"ቲቸር።"

"ሰው ይቆጠራል? እኛ አገር ከብት እንኳን አይቆጠርም! ይሄ ደግሞ ገና አልመጣም። ያልመጣውን ማን ጥራ አለህ?"

እናቴ ሳቀች። "ይተዋት እማማ፣ ትምህርት ነው" አለች። እማማ አየለች አልሳቀችም። ወደ መሬት ሦስት ጊዜ እንትፍ እንትፍ ካለች በኋላ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ "ለሰው አትንገር። ዝም በል፣ ያልፋል" አለችኝ።

ያልፋል ማለቷ አላረጋጋኝም። ዝም በል ማለቷን ግን አጥብቄ ያዝኩት፤ ጠጠሮቹ እነማን እንደሆኑ ከዚያ በኋላ ለማንም አልተነፈስኩም።

ትምህርት ቤት መደመር ስንማር የሚያህለኝ አልነበረም። መደመር ሰው ማብዛት ነው፣ ሰው ሲበዛ ደግሞ ምን ያስፈራል? ያስፈራኝ መቀነስ ነው። ቲቸር መሠረት ዴስኬ ላይ ጎንበስ ብላ "ሰባት አሉሽ አይደል? አንዷን ወደዚያ አድርጊያት። ስንት ቀሩ?" አለችኝ።

ሁለት እጄን ጠጠሮቹ ላይ ደፋሁባቸው።

"አይዞሽ፣ አንዷን ብቻ።"

የትኛዋን? አባቴን ነው? እህቴን? ቡናማዋን አንስቼ ራሴን እንዳልቀንስ ፈራሁ። "አላውቅም" አልኩ። በጣትሽ ሞክሪ አለችኝ። ሰባት ጣት አውጥቼ አየኋቸው፤ ጣቶቼም ያው እነሱው ሆኑብኝ። "አላውቅም።"

ሳምንት ሙሉ የመቀነስ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ደብተሬን ባዶ አስረከብኩ። በመጨረሻ አባቴ ተጠራ። የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ በር ላይ ቆመ።

"በመደመር ከክፍሉ አንደኛ ናት" አለችው ቲቸር መሠረት። "መቀነስ ሲሆን ግን እርሳሷን አስቀምጣ ዝም ትላለች። ዝም ብላ ብቻ ቢሆን አልጠራዎትም ነበር፤ ልጅቷ ትንቀጠቀጣለች። ቤት የሚያስፈራራት ሰው አለ?"

"ኧረ የለም ቲቸር" አለ አባቴ አፍሮ። ቤት ስንሄድ እጄን ይዞኝ ነበር። "ምን ያስፈራሻል ዘነበች?" ሲለኝ ልነግረው አፌን ከፈትኩና ዝም በል የተባልኩት ትዝ አለኝ።

ቲቸር መሠረት ግን አልተወችኝም። ልጅ ፈርቶ የሚሸሸው ቁጥር ጨዋታ ውስጥ ሲመጣ አያስፈራውም ብላ ታምን ነበር መሰለኝ፣ የጥቅምት ዝናብ ሲያባራ ክፍላችንን ግቢ ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር አውጥታ ለየሁለት ልጅ የገበጣ ጉድጓድ አስቆፈረችን። ስድስቱ በኔ በኩል፣ ስድስቱ በባላጋራዬ በኩል፣ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር። ከአንዱ ጉድጓድ ያለውን ሁሉ ታነሺና ወደ ቀኝ እየዞርሽ አንድ አንድ ትጥያለሽ። የመጨረሻዋ ጠጠር ሦስት ያለበት የባላጋራሽ ጉድጓድ ላይ አርፋ አራት ካደረገችው አራቱንም ትበያለሽ። እሷ የሰጠችን ሕግ ይህ ብቻ ነው። የተበላ ጠጠር አይመለስም፣ የበላው ቤቱ ይወስደዋል የሚለውን ልጆች ራሳችን ጨመርንበት።

ሃያ አራት ጠጠር አምጡ ስለተባልን ሰባቱን ከመንገድ በለቀምኳቸው ላይ ቀላቅዬ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ጨዋታው ሲጀመር ለብቻ አስቀምጣቸዋለሁ ብዬ ነበር። ቲቸር መሠረት ግን ልትረዳኝ ብላ ፌስታሉን ዘረገፈችና በፈጣን እጆቿ አራት አራት አድርጋ ደለደለችው።  ባላጋራዬ ሰሚራ ናት፤ አባቷ ሲቀላ ገበያ ጥግ ጨውና ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፣ እሷም ገና በሰባት ዓመቷ ዋጋ መከራከር የምታውቅ ልጅ ነበረች። ስድስቱን እንደምንም አተረፍኩ። ቀይዋን ሰሚራ በላቻት። ከሦስት ተራ ጠጠሮች ጋር አንስታ ኪሷ ከተተቻት።

በማግሥቱ እናቴ አልተነሳችም። መጀመሪያ በረዳት፤ በዚያ ሙቀት ሦስት ጋቢ ደርበንላት ጥርሷ ይንገጫገጫል። ከዚያ ጋለች። "ወባ ነው" አለች እማማ አየለች። አባቴ ከቤት ሮጦ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ በራችን ላይ ሰማያዊ ፒክአፕ ቆመ። የሚነዳው የሰሚራ አባት ነው።

አሁን ሳስበው ሥራውን ጥሎ፣ ሱቁን ዘግቶ የመጣ ደግ ጎረቤት ነው። ያን ቀን ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነበር። ልጁ ጠጠሯን ወሰደች፣ አባቷ ደግሞ እናቴን ራሷን ሊወስድ መጣ። እናቴን ደግፈው ሲያወጧት በሩ ላይ ተጋድሜ "አትውሰዷት!" ብዬ ጮህኩ። ትልቁ ወንድሜ አንስቶ ያዘኝ። "ሐኪም ቤት ነው የኔ ልጅ፣ ሐኪም ቤት ነው" አለኝ የሰሚራ አባት፣ ጭንቅላቴን እየዳበሰ። እጁን ነከስኩት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በማግሥቱ ሰሚራን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቅኋት። "ቀይዋን መልሽልኝ፣ በሦስት ጠጠር እለውጥሻለሁ" አልኳት።

"አምጪ ልያቸው" አለች። አገላብጣ አየቻቸው። "አልለውጥም።"

"አምስት እሰጥሻለሁ።"

ቅንድቧ ከፍ አለ። "ምን ቢኖራት ነው?" አለች፣ ቀይዋን ከኪሷ አውጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብላ እያየቻት። "አልለውጥም አልኩሽ። ከፈለግሽ ተጫውተሽ ውሰጂ።"

እናቴ ናት ብላት ኖሮ ወዲያው ትሰጠኝ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ማን እንደሆነች መናገር እንደ ገና መቁጠር መሰለኝ። አንዴ ቆጥሬ እንደዚህ ከሆንን፣ ደግሜ ብቆጥርስ?

ከጓሯችን ሀለኮ ሥር አሥራ ሁለት ጉድጓድ ቆፍሬ ከትምህርት በኋላ ብቻዬን መጫወት ጀመርኩ። ጣቴን በየጉድጓዱ እየነከርኩ እቆጥራለሁ፣ ይምታታብኛል፣ እንደ ገና እጀምራለሁ። በሦስተኛው ቀን እማማ አየለች ቡሉኮዋን ተከናንባ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ጓሮው ውስጥ ለምን እንደምቆፍር አልጠየቀችኝም፤ እናቱ የታመመችበት ልጅ ጭንቀቱን የሚያሳልፍበት ነገር ነው ብላ ይሆናል። እጄን በእንዝርቷ ጫፍ መታ አደረገችኝ።

"ጣት አታስገባ። ባላጋራ ያይሃል።"

"ታዲያ በምን ልቁጠር?"

"አትቁጠር። እኔ ላሞቼን አንድ ሁለት ብዬ አላውቅም። ሲገቡ በር ላይ እቆማለሁ። እሷ ገባች፣ እሷ ገባች... ቀንደ ጠማማው የለችም። እረኛውን ሂድ ፈልግ እላለሁ። ያለውን ምን ያደርግልሃል? የጎደለውን እይ።" አገጯን ወደ አንድ ጉድጓድ ቀሰረች። "ሦስት አለው። ለአራት ስንት ጎደለው?"

"አንድ።"

"እሱን አንዱን ከየት ታመጣለህ? አንተ ጋ ስንት ነገር ያለው ጉድጓድ ነው እዚያ የሚደርሰው? በዓይን ብቻ። እጅ ኪስ ውስጥ።"

እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ስድስቱን ጠጠሮች ጨብጬ አየሁ። ቲቸር መሠረት በቾክና በጠጠር ያልተሳካላት ነገር በዚህች ማንበብና መጻፍ በማታውቅ ሴት ገባኝ። አልቀነስኩም፤ የጎደለውን ነው ያየሁት። ሰው ከየትም አልወጣም።

ስምንት ቀን ተጫወትን። አባቴ በየቀኑ ከሐኪም ቤት ሲመለስ "ደህና ናት" ይላል፤ በየቀኑ በአንድ ዓይነት ድምፅ። ደህና የሆነ ሰው ከሆነ ለምን አይመጣም? 

በዘጠነኛው ቀን በእረፍት ሰዓት ሰሚራን ማንጎው ሥር ጠራኋት። "ቀይዋን ታስገቢያለሽ" አልኳት።

"አንቺስ ምን ታስገቢያለሽ? ኪስሽ ውስጥ የምትደብቂያቸውን አሳዪኝ።"

መዳፌን ዘረጋሁ። ስድስቱን አንድ በአንድ አየቻቸውና ጣቷን አሳረፈች። "ነጯን።"

እምቢ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አሸንፋለሁ ብዬ ነበር፣ ሁለቱንም ይዤ እገባለሁ ብዬ።

ጨዋታው ረዘመ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፣ የሰሚራ ጣት በየጉድጓዱ ይነከራል፤ ምን ልትጫወት እንደሆነ ገና ከጣቷ አውቃለሁ። ደወሉ ሊደወል ሲቃረብ ቀይዋ በእሷ በኩል ሁለተኛው ጉድጓድ ውስጥ ናት፤ ሦስት ሆነዋል፣ አንድ ጎድሏል። አምስተኛው ጉድጓዴ ውስጥ ሦስት ጠጠር አለኝ። ባነሳቸው የመጨረሻዋ በትክክል እዚያው ታርፋለች።  ከዚያ እማማ አየለች እንዳስለመደችኝ የጎደለውን ፍለጋ በራሴ በኩል ወደ ግራ አየሁ። ነጯ ሁለተኛው ጉድጓዴ ውስጥ ከሁለት ጠጠሮች ጋር ተቀምጣለች። ሦስት ናቸው፣ አንድ ጎድሏቸዋል። የጎደለችውን አንድ የምታመጣው ጉድጓድም ከሰሚራ በኩል ፈጥጣ ትታየኛለች። ነጯን ካሸሸሁ ሰሚራ ቀይዋን ታንቀሳቅሳለች። ቀይዋን ከበላሁ ነጯ ትበላለች።

"ተጫወቺ እንጂ!" አለች ሰሚራ።

ሰባት ዓመቴ ነው። እናቴን መረጥኩ።

ቀይዋን እንዳነሳኋት ማንም እንዳይነጥቀኝ አፌ ውስጥ ከተትኳት፤ አፈር አፈር አለችኝ። ሰሚራ በተራዋ ነጯን በላች። ደወሉ ተደወለ።

ከሁለት ቀን በኋላ እሑድ ከሰዓት በኋላ እማማ አየለች ትልቁን ድስት ጥዳ ሀለኮ እየቀቀለች ነበር፤ ደም ይመልሳል ትላለች። ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። ሰማያዊው ፒክአፕ በራችን ላይ ቆመ። እናቴ በራሷ እግር ወረደች። ከስታለች፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ግን በእግሯ ነው የቆመችው። ሮጬ ቀሚሷ ላይ ተጠመጠምኩ። ተሳካልኝ! ወዲያው ግን ፊቴን ያሳረፍኩበት ሆዷ ጠፍጣፋ መሆኑ ታወቀኝ። ቀና ብዬ እጆቿን አየሁ። አንድ ፌስታልና የተጣጠፈ ጋቢ ይዛለች።

"ሕፃኑስ?" አለች ታናሽ እህቴ።

 አባቴ ኮፍያውን አወለቀ። እማማ አየለች ማማሰያዋን እንደያዘች በር ላይ ቆማ አንድ በአንድ ስንገባ አየችን። አፏ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኗ ብቻ እኛ ላይ ሄደ፣ ሁላችንም ከገባን በኋላ ባዶው ደጅ ላይ ቀረ።

እናቴን አስተኝተው ሲጨርሱ ጓሮ ተከትያት ሄድኩ። "እማማ፣ እኔ ነኝ" አልኳት። "እኔ ነኝ ያደረግሁት" ልል ነበር፤ ሳልጨርስ እሷ ቀደመችኝ።

"አንተ እንደሆንክ አያለሁ። ራበህ?" አለችኝና ትኩስ ሀለኮ በሳህን አድርጋ እጄ ላይ አስቀመጠች። ቆሜ እያለቀስኩ በላሁት። ስለ እናቴ የማለቅስ መስሏት በቡሉኮዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ።

ሰኞ ጠዋት ሰሚራ ዴስኬ ጋ መጣች። አላየችኝም፤ እግሯን እያየች መዳፏን ከፈተች። ነጯ ጠጠር ናት። "እናቴ፣ 'እናቷ አዝናለች፣ ከልጅቷ የወሰድሽውን ሁሉ መልሽላት' አለችኝ" አለች። "ውሰጃት፣ አልፈልጋትም።"

ተቀበልኳት። ከስድስቱ ጋር ዴስኬ ላይ ደረደርኳት። በዚያች የመስከረም ቀን የቆጠርኩት ሁሉ የተሟላ መሰለ፤ ሰባት ጠጠር፣ አንድም አልጎደለ። ሳያቸው ሳያቸው እዚያ መቀመጣቸው ውሸት ሆነብኝ።

ቲቸር መሠረት ገብታ ጠጠሮቼን ስታይ ፈገግ አለች። እናቴ ከሐኪም ቤት መውጣቷን ሰምታለች፤ ከዚያ ያለፈውን አልሰማችም። በለሰለሰው ድምፅዋ፣ እምቢ ብትይም ግድ የለም የምትለኝ ይመስል፣ "ዘነበች፣ ዛሬ እንሞክር? ከሰባት አንድ ሲቀነስ?" አለችኝ።

 ሁሉም እጄን በጠጠሮቹ ላይ እንደምደፋ ያውቃል። ነጯን በሁለት ጣቴ አነሳኋት። ከሌሎቹ ለየኋት።

"ስድስት" አልኩ።

ቲቸር መሠረት በደስታ አጨበጨበች። "ስድስት! ጎበዝ! አጨብጭቡላት!" ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበልኝ፣ ሰሚራም አጨበጨበች። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ የጠበቀች አስተማሪ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ነጯን ጠጠር በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ከስድስቱ ጋር እንዳልመልሳት ተቀንሳለች፣ መሬት ልጥላት ደግሞ አልቻልኩም፤ ጭብጨባው እስኪያልቅ የት እንደማደርጋት ጨንቆኝ ቆምኩ።